የፊልሙ መስቀል

መስቀል ፊቴ መጥቶ ሳልንበረከክ የቀረሁት እምነት ጎድሎኝ ነው ወይስ ተርፎኝ? ሌላውን ጥያቄዬን ሁሉ ዕድሜ ቀስ እያለ ሲመልስልኝ ይህን አንዱን አልመለሰልኝም። እኔም ቆፍሬ አላወጣሁትም ነበር። ባለፈው መስከረም ያወጣችብኝ ሶሊያና ናት።

ሶሊያና የእትዬ አስካለ የልጅ ልጅ ናት። እትዬ አስካለ ደግሞ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ወደዚህ አገር አምጥተው ቤታቸው ያኖሩኝ ሰው ናቸው። ልጅቱ ሃይስኩል ገብታለች። ስፔኖች የአዝቴኮችን አገር፣ የዛሬዋን ሜክሲኮ፣ እንዴት እንደያዙ የሚል የታሪክ ፕሮጀክት ተሰጥቷት ስልኳን ስትበረብር፣ ድሮ እዚሁ ኮሎምበስ ከተማ ተማሪዎች የሠሩትን አጭር ፊልም አገኘች። እኔ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጥታ፣ መጻሕፍት በየመደርደሪያቸው ስመልስ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«አንቲ፣ ኢዝ ዛት ዩ?»

እኔ ነበርኩ። ከአንሶላ የተሰፋ ቀሚስ ለብሼ፣ ግንባሬ ላይ ላባ አስሬ፣ ሰው ሁሉ በጉልበቱ ወድቆ እኔ ብቻዬን ቆሜአለሁ።

«ዋይ አር ዩ ስታንዲንግ?»

«ሥራ ላይ ነኝ፤ ቤት እንነጋገራለን» አልኳት። መልስ ሲያጣ ትልቅ ሰው የሚለውን ነው ያልኳት።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ካፍቴሪያ ውስጥ ሳህን አጥባለሁ፤ ከሥራ መልስ ለትልልቅ ሰዎች በተከፈተ ክፍል እማራለሁ። አገር ቤት ትምህርቴ ገና በጠዋቱ ተቋርጦብኝ ስለነበር ያመለጠኝን በሙሉ ባንዴ ልያዘው የምል ነበርኩ። ይህን ግን ከፊቴ ማንም አያነበውም፤ አፌን የምከፍተው ለምግብና ለመዝሙር ነው ይሉኝ ነበር እትዬ አስካለ። ሳህን ከሚመልሱት ተማሪዎች አንዱ፣ ታይለር የሚባል ቀጭን የፊልም ተማሪ፣ አንድ ቀን ቆም ብሎ ስለሚሠራው ፊልም አወራኝ። በባሕር የመጡ ወታደሮች፣ ሐይቅ ላይ የተሠራ ከተማ፣ እንግዳ ብሎ የተቀበላቸው ንጉሥ። የከተማው ሕዝብ የሚሆኑለት ሰዎች ቸግሮታል። የሜክሲኮ ተማሪዎችን ጠይቆ እምቢ ብለውታል። ለምን እምቢ እንዳሉ ያኔ አልጠየቅኩም።

«የሺ፣ አንቺ ብዙ ዘመድ አለሽ አይደል?» አለኝ።

ለእትዬ አስካለ ነገርኩ፤ እሳቸው ለጋሼ ደምሴ ነገሩ። ጋሼ ደምሴ ሞርስ ሮድ ላይ ሱቅ ነበረው። በርበሬ ሊገዛ የገባውን ሁሉ ፊልም ሊያሠራ ጋብዞ አስወጣው። «መቆም ብቻ ነው» እያለ።

እኔ ደግሞ ምን ሆኜ እንደምቆም ሳላውቅ መቆም አልወድም። ከቤተ መጻሕፍት አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውጥቼ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት። ስለ ገበያቸው ስፋት፣ ውሃ ላይ ስለሚያበቅሉት አበባ አነበብኩ። ቀጥሎ ስለ በሽታውና ስለ ቃጠሎው፣ ከሰይፉ ጎን ለጎን ስለሄደው መስቀልም አነበብኩ። እዚያ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔ መስቀልን የማውቀው ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ነው። ሰይፍ አስከትሎ ሲሄድ ምን እንደሚሉት አላውቅም ነበር።

የፊልሙ ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ሊያልቅ የተቃረበበት። ኤፕሪል እዚህ አገር የማይታመን ወር ነው፤ ጠዋት በረዶ አርከፍክፎ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ያወጣል። ቦታው ከከተማ ወጣ ያለ ማሳ ሲሆን፣ ያምናው የበቆሎ አገዳ ጉቶ ገና አልተነቀለም፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ከካርቶን የሠሩት ቤተ መቅደስ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይዘማል። ፈረሱን ያመጣው ገበሬ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ አበዱ እንዴ በሚል ዓይን ያየናል።

ጋሼ ደምሴ ንጉሥ ተደረገ። ራሱ ላይ ላባ ተከምሮለት «እጅ ንሱ!» እያለ ይንጎራደዳል።

«ዶሮ መስለሃል» አሉት እትዬ አስካለ። «ዕድሜ ለጾሙ በል፤ ዛሬ አትተርፍም ነበር።»

ምሳ ብለው አይብና ሥጋ ያለበት ፒዛ አመጡልን። ማንም አልነካው። ቫን ውስጥ ተሳፍረን፣ አንሶላችንን ሰብስበን፣ እትዬ አስካለ የያዙትን የሱፍ ፍትፍት በላን። ታይለር በመስኮት አንገቱን አስግጎ ቀመሰና ደግሞ ለመነ። ሙቀቱ፣ ሳቁ፣ የሱፉ ጣዕም አሁንም አፌ ላይ አለ። ከዚያ ተጠራን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡናማ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ተማሪ፣ ሁለት ጣውላ በገመድ አስሮ የሠራውን መስቀል ይዞ ይመጣል። ከኋላው የሚያብረቀርቅ የምግብ መጠቅለያ ፎይል የተጠቀለሉ ወታደሮችና ፈረሱ አሉ። መስቀሉ ከፍ ሲል እኛ ደንግጠን እንሸሻለን።

መስቀሉ ከፍ አለ። ሁላችንም አማተብንና ዝቅ አልን።

«ካት!» ታይለር ቀረጻውን አስቁሞ እየሮጠ መጣ። «እንዲህ አይደለም። ይህን ነገር አይታችሁት አታውቁም!»

ጋሼ ደምሴ ተረጎመ። «አታውቁትም ነው የሚለው።»

«ማንን ነው የማናውቀው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«መስቀሉን።»

«እኔ አስካለ? እናቷ ሆድ ሆና ነው የምታውቀው በለው!»

«አክቲንግ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«እኛ አክቲንግ እናድርግ። መስቀሉም አክቲንግ ያደርጋል?»

እንደገና ተሞከረ። ሰው ሁሉ ሸሸ። መስቀሉ ከፍ ሲል ግን በየሸሸበት ቆሞ አማተበ። እኔም አማተብኩ። እንደገና ተሞከረ፤ ያው ሆነ። ፈረሱ እንኳ ሰለቸው። በመጨረሻ ታይለር ተሸነፈ።

«እሺ ይንበርከኩ። ግን ደስ ብሏቸው ይሁን። ፈገግ ይበሉ፤ ጌታ እንደመጣላቸው።»

ሰው ደስ አለው፤ መንበርከኩስ የለመደው ነው። እኔ ግን ደስ ብሏቸው የሚለው ላይ ቀረሁ። አውቶቡስ ውስጥ ያነበብኳቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ። ዛሬ ለአንድ ቀን እኔ እነሱን ሆኜአለሁ፤ ከእኔ ፊት በቀር ፊት የላቸውም። ቤታቸው ሲቃጠል ፈገግ ብለው ነበር ብዬ በእነሱ ስም ልመስክር? ደግሞ ዞር ስል እትዬ አስካለ ጎኔ ናቸው። የምኖረው እሳቸው ቤት ነው፤ የምዘምረው እሳቸው ባስገቡኝ መዘምራን ውስጥ ነው። መስቀል አቃልላለች ከተባልኩ ከሁለቱ የትኛው ይተርፈኛል? ሌላ ቤት በዚህ አገር አልነበረኝም። አልንበረከክም አልኩ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሴ።

መስቀሉ ከፍ አለ። ሰው በሙሉ ጭቃው ላይ ወደቀ። እኔ ቆምኩ። አላማተብኩም፣ አልሸሸሁም፣ ዓይኔንም አልሰበርኩም፤ ከጣውላው ኋላ ያለውን የፎይል ሰይፍ አየሁ። የቀሚሴን ጫፍ አንድ እጅ ጨምድዶ ሲጎትተኝ ተሰማኝ። የማን እንደሆነ ማየት አላስፈለገኝም። ጉልበቴን አጠነከርኩ። ታይለር ካት አላለም፤ ካሜራው ወደ እኔ ሲጠጋ ተሰማኝ፤ ያም እጅ እስከ መጨረሻው አልለቀቀኝም።

ስንመለስ ቫኑ ውስጥ አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር «የሺ ጠበል ያስፈልጋታል መሰለኝ» አለች። ማንም አልሳቀም።

እትዬ አስካለ ሳይዞሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ፊልም የሚያሠራው ልጅ ነው ቁሚ ያላት» አሉ። «አይደለም እንዴ፣ የሺ?»

ውጭ ውጭውን አየሁ። ማሳው አልቆ የሀይዌዩ አጥር ጀምሯል። አዎ አላልኩም፤ አይደለምም አላልኩም። ሰዉ ዝምታዬን ለምዶታልና እንደ አዎ ቆጠረው። በማግሥቱ ከመዘምራኑ ጋር እንደወትሮዬ ቆምኩ። እትዬ አስካለም ስለዚያ ቀን ዳግም አላነሱም። እያደር ተማርኩ፣ ተመረቅኩ፣ የራሴ ቤት ገባሁ። በየበዓሉ ስንገናኝ ግን ያ የተጎተተ ቀሚስ በመካከላችን አለ። ስለ እምነቴ ምን እንደሚያስቡ ፈርቼ ሳልጠይቃቸው አረጁብኝ።

ሶሊያና ከመጣችብኝ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ሄድኩ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ መንገዱን ሙሉ ለራሴ ስደጋግም ነበር። እትዬ አስካለ ሶፋቸው ላይ ናቸው፤ መደገፊያ ዎከራቸው አጠገባቸው ነው። ሶሊያና ፊልሙን ቲቪው ላይ አወጣችላቸው። ጋሼ ደምሴ በላባው ሲንጎራደድ አይተው ሳቁ፤ ነፍሱን ይማር አሉ። ከዚያ መስቀሉ መጣ።

«እትዬ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። «ያን ቀን ቁሚ ያለኝ ሰው አልነበረም። ራሴ ነኝ።»

ዓይናቸውን ከቲቪው አልነቀሉም። «ሰው አምኖልሽ እንዲተውሽ ነው እንደዚያ ያልኩት። መልሺው እስቲ፣ ሶሊ።»

ልጅቱ መለሰችው። ጭቃው፣ አንሶላው፣ ቀሚሴን የጨመደደው እጅ።

«ይሄን እጅ ለምን የሰደድኩት ይመስልሻል?»

«ሊያንበረክኩኝ ነዋ።»

«ልነሳ ነው» አሉ። «አንቺን ይዤ ልነሳ። ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ እንጂ።»

ሶሊያና እሳቸውንም እኔንም እያፈራረቀች አየች። «ሶ ግራንማ፣ ዩ ዎንትድ ቱ ስታንድ ቱ?»

እትዬ አስካለ ለልጅቱ አልመለሱላትም። ያን ቀን ሊነሱ የፈለጉት ከእኔ ጋር ሊቆሙ ይሁን ጭቃው በርዷቸው፣ እኔም አልጠየቅኳቸው። ቲቪውን አጥፉት አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«በይ አሁን አንሺኝ። የጸሎቴ ሰዓት ደርሷል።»

አነሳኋቸው።