ቀለበቱ ያለበት ክፍል

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ወሬ የምወድ ሴት ነኝ፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነገር ካገኘሁ ጎረቤቱን ሰብስቤ ስተርክ እውላለሁ። ይህችን ግን ዋጥኳት። ዛሬ ለእናንተ ለምታነቡት እናዘዛለሁ።

ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታችን ድሮ ዳኛ ያስችልበት የነበረ ነው ይባላል። አሁን ተከፋፍሎ ተከራይ ይኖርበታል። በጓሮ በኩል ካለው ክፍል ግድግዳ ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት አለ። በድሮ ዳኝነት ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር፤ ሰንሰለቱ የሚያልፈው በዚያ ቀለበት ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይነቃል። ድሬ በቀትር ስትነድ ያ ብረት ይቀዘቅዛል። ነክቼዋለሁ።

በዚያ ክፍል ሙና ትኖር ነበር፤ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ሳቋ ከግቢ አልፎ መንገድ የሚደርስ ልጅ። አንድ ቀን የግቢያችን ተከራይ እትዬ አስካለ ለልጃቸው ሠርግ ያስቀመጡት የወርቅ ሐብል ጠፋ። ሁላችንም ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም አይነሳም ተባለ። ጡረተኛው የባቡር ሰው ጋሽ ታደሰ፣ "አቦ ቶሎ በሉ፣ ጫቴ ጠወለገ!" ሲሉ ሳቅን። እትዬ አስካለ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ መቼም ዝንብ አያመልጥሽም። ምን አየሽ?"

ሁሉም ጸጥ ብሎ ጠበቀኝ። ያንን ጸጥታ እወደዋለሁ፤ ወሬ ልጀምር ስል የሚመጣውን። "ሙናን አየኋት" አልኩ። በቀትር፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከእትዬ አስካለ ክፍል ስትወጣ አየኋት አልኩ። ጫማው ቀይ ነው አልኩ።

አላየኋትም። በዚያ ቀትር እኔም እንደ ሰዉ ተኝቼ ነበር። ቀዩን ጫማ ከየት አመጣሁት? ሙናስ ምን በድላኝ? ምንም። ወሬው አማረልኝ፣ በቃ።

"ወላሂ አልነካሁም!" አለች። ከዚያ ተጠጋችኝ። "ዓይኔን እያየሽ ድገሚው እስቲ።"

ዓይኗን እያየሁ ደገምኩት።

በማግስቱ ፍራሿን ጠቅልላ ወጣች። ወሬዬ ፋብሪካው ድረስ ቀድሟት ሥራዋንም አሳጣት። ክፍሏን እኔ ወሰድኩት፤ ከእኔው ይሰፋ ነበር። ለክፍሉ ብለሽ ነው ብትሉኝም አልከራከርም።

ዓመታት አልፈው እትዬ አስካለ ሲያርፉ ልጃቸው የጥጥ ፍራሻቸውን ሰጠችኝ። ጥጡን ላስነድፈው ስተረትር ሐብሉ ከመሐሉ ወደቀ። ራሳቸው ደብቀው ረስተውታል። ያኔስ ለምን አልጮህኩም? ሐብሉን መልሼ ፍራሹ ውስጥ ሰፋሁት። ሙናን ሁለተኛ የከሰስኳት ያን ጊዜ ነው።

አሁን በዚያ ፍራሽ ላይ፣ በዚያ ክፍል እተኛለሁ። በቀትር በሩ ተዘግቶ መንገዱ ጭር ሲል፣ የቀኝ እጄ አንጓ ብረት እንዳረፈበት ይቀዘቅዛል። ስገላበጥ ከጎኔ አንድ ሰው ይነቃል። ትንፋሹን እሰማለሁ። ማንም የለም። ግን ቀስ ብሎ፣ "ድገሚው እስቲ" ይለኛል።

የሞተች ነፍስ ናት እንዳልል ሙና በሕይወት አለች። እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ባጃጅ ይዤ የምደርስበት። ይህን ሁሉ ዓመት ያልደረስኩበት።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም። አፌ ነው። ፍራሹን ዛሬ ተርትሬዋለሁ፤ ሐብሉ እጄ ላይ ነው፣ ለእትዬ አስካለ ልጅ ይመለሳል። እሁድ ተከራዩን ሁሉ ኒሙ ሥር እጠራለሁ። ሙናንም ራሴ ሄጄ እለምናታለሁ፤ አልመጣም ካለች ደጇ ላይ ቆሜ እናገራለሁ። ወሬ አላሳምርም። ዓይኗን እያየሁ፣ አንድ ቃል ብቻ፦

አላየሁሽም።