ሮብ፣ ጉትን

«ኤዬ» ማለት አዎ ማለት ነው። ከሸዋ ተድሬ ነቀምቴ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የተማርኩት የኦሮምኛ ቃል እሱ ነበር፤ ለአንድ ዓመት ያህልም ከእሱ ብዙ አልራቅሁም። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ «ሲፍ ገሌራ?» ይለኛል፤ ገባሽ ወይ ነው። እኔም ቀልጠፍ ብዬ «ኤዬ!» እላለሁ፤ ይግባኝ አይግባኝ ሌላ ጉዳይ ነው። አልገባኝም ከማለት ሞቴን እመርጥ ነበር። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ቅቤ ልትሸጥ በመጣች ሴትዮ ፊት አፌን ከፍቼ ልቁም? ኧረ ወዲያ! በሃያ ዓመቴ እንዲህ ነበርኩ፤ ዛሬም ጨርሶ ለቆኛል አልልም።

ባለቤቴ የጉራጌ ሰው ነው፣ ነጋዴ። ሱቃችን ነቀምቴ ገበያው አጠገብ ነበር። ዕቃው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ ከእኛ ወዲያ ወደ ጊዳ አያና ግን ያኔ ሁሉም ነገር በበቅሎ ነው። አያና ላይ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ክር ከእኛ ይወጣል፤ ማር፣ ቅቤና ቡና ከዚያ ይመጣል። በመካከል አንገር ወንዝ አለ። አንገር በበጋ ልጅ የሚሻገረው፣ ሲሞላ ግን ሰው በታንኳ ካልሆነ፣ የተጫነ በቅሎ የማያሳልፍ ነው። ስለዚህ ንግዳችን የተንጠለጠለው በሰው አፍ ላይ ነበር። ወንድምየው ወደ ነቀምቴ ገበያ ለሚመጣ ሰው ቃል ይሰጣል፤ ላኩ፣ አትላኩ፣ በዚህ ቀን ላኩ። ባለቤቴ ከወሩ እኩሌታውን አዲስ አበባ ዕቃ ሲያስጭን ነው የሚውለው። ታዲያ ቃሉን የምትቀበለው ማን ናት? እኔ፣ ባለ «ኤዬ»ዋ።

ጭነቱን የሚነዱልን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው ከአንገር ማዶ፣ ጉትን በምትባል መንደር ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ የቀሯቸው አንዲት ልጅና አንዲት ዳለቻ በቅሎ ናቸው። የእኛን ሦስት በቅሎዎች ያቺ ዳለቻ ከፊት እየሆነች ትመራቸዋለች። አማርኛ ያውቃሉ፤ እኔን ግን «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ እኔም «አባ ኮ»፣ አባቴ፣ እላቸዋለሁ። ጭነት ሲጠብቁ የሚያድሩት እኛ ግቢ ነው፤ በዚያ ከተማ ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ ብሎ፣ መልሴን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌላው እየሄደ ነው የሚጠይቀኝ። በጣም ነበር የምወዳቸው።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ከክረምቱ በፊት የመጨረሻውን ጭነት ለማሻገር ቃል እየጠበቅን ነበር። ቅዳሜ ዕለት ቅቤ ሻጯ ከአያና በኩል መጣች። ሸክሟን አውርዳ ሳትጨርስ፣ ላቧን እየጠረገች «ሮቤራ፣ ላግኒ ጉቴራ» አለችኝ። ቀጥላም «ሲፍ ገሌራ?» ብላ ጠየቀች። ሱቁን ሰው ሞልቶታል፣ ሁሉም እኔን ያያል። የሰማሁት «ሮብ» ነው፤ የሰማሁት «ጉትን» ነው። ሮብ፣ ጉትን! ጭነቱ ሮብ ዕለት ጉትን ይድረስ፣ እዚያ እንቀበላለን ማለታቸው መሆኑ ነዋ! «ኤዬ፣ ኤዬ!» ብዬ ሸኘኋት።

ሰኞ ጠዋት በቅሎዎቹ ተጫኑ። ሽማግሌው ወደ ሰሜን አንጋጠው ሰማዩን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«ኢንታላ ኮ፣ ወዲያ ማዶ ጠቁሯል እኮ። ሮብ ነው ያሉት?»

«ሮብ፣ ጉትን።»

«ሴትዮዋ ራሷ ነገረችሽ?»

«አባ ኮ፣ እኔ ጆሮ የለኝም እንዴ!» አልኳቸው፣ ቆጣ ብዬ።

ሳቁ። የዳለቻዋን መጫኛ አጠበቁና «እንግዲያው ቃል ነው» ብለው ሄዱ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን የአስተማሪው ሚስት ሳሙና ልትገዛ መጣች። ጉራዬን ነዛሁባት፤ ባሌ ሳይኖር ጭነት ላክሁ፣ ቃሉን በኦሮምኛ ተቀበልኩ አልኳት። «እስቲ ምን አሉሽ?» አለች እየሳቀች። ቃሉን እንደሰማሁት አልኩላት። ሳቋ ጠፋ። «ሮብን ማን አነሳው? ሮቤራ ማለት ዘንቧል ነው። ላግኒ ጉቴራ፣ ወንዙ ሞልቷል። አትላኩ ነው ያሉሽ!» ሳሙናውን ጥላብኝ ወደ በሩ ሮጠች፣ ልክ ሽማግሌው አሁን ከበሩ የወጡ ይመስል።

ፈረስ ያለው ሰው ለምኜ ላክሁ፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖበት ሳይደርስባቸው ተመለሰ። ሮብ ሙሉ ቀን ዘነበ። ሐሙስም ዘነበ። ሱቁን ዘግቼ ከከተማው በሰሜን በኩል መውጫው ላይ ቆሜ ዋልኩ። የሚመጣውን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ ሲመልሱልኝ ግማሹ አይገባኝም። አሁን ግን «ኤዬ» አላልኩም፤ እጃቸውን ይዤ ድገሙልኝ፣ ድገሙልኝ እላለሁ። ያየ ሰው አልተገኘም።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ዳለቻዋ በቅሎ ብቻዋን መጣች። ጭነት የላትም፣ መጫኛዋ መሬት ለመሬት ይጎተታል፣ ሆዷ ድረስ ደርቆ የተጣበቀ የወንዝ ጭቃ ነበረባት። ሱቁ በር ላይ እንደ ወትሮዋ ቆመች። አንገቷን አቅፌ ያለቀስኩትን ለቅሶ ለአባቴም አላለቀስኩም። የሰው አባት ገደልኩ እያልኩ ነበር፤ ለማን እንደምል አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው በእግራቸው መጡ። በትር ተደግፈው፣ ጫማቸው ጠፍቶ፣ አንድ ጉልበታቸው አብጦ። ከእግራቸው ሥር ልወድቅ ስል ብብቴን ይዘው አነሱኝ፤ ያውም መጀመሪያ የጠየቁኝ በቅሎዋ ደርሳ እንደሆነ ነው። ውሃው እመካከል ሲደርሱ ነው ድንገት የመጣባቸው። ከእኛ በቅሎዎች አንዷን ከነጨዋ ወስዷታል፤ ሁለቱን ከወዲህ ያለ ዘመድ ቤት አስረዋል።

«አልገባኝም ነበር፣ አባ ኮ። ገባኝ ብዬ ዋሸሁ» አልኩ።

«እኔም ወንዙን አይቼው ነበር» አሉ። «ደፍርሷል፤ ከላይ እንደዘነበ ያስታውቃል። ግን አንቺ ሮብ አልሽ። ሰው እየጠበቀኝ ነው ብዬ ገባሁ።» ቁጣ የለበትም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር!

ባለቤቴ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። «ሰውየው ተርፈዋል?» አለ። ተርፈዋል አልኩ። «እንግዲያው ተመስገን» ብሎ ሻይ አፈላልኝ፣ እሱ ራሱ። እስከዚያ ቀን ሻይ አፍልቶ አያውቅም፤ ስኳሩን እጥፍ አደረገው፤ እኔም ጠጣሁት።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ተለወጠ። ዘዴውን ያመጡት ሽማግሌው ናቸው፤ «ቃል በመንገድ ላይ ይበላሻል፣ ጭቃ ግን በየትኛውም ቋንቋ ጭቃ ነው» ብለው። አንገር ከሞላ ከወንዙ ዳር ጭቃ ተዝቆ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይላካል፤ አትምጡ ነው። ወንዙ የሚያሻግር ከሆነ ደረቅ ሣር በክር ታስሮ ይመጣል። እኔ የጨመርኩት አንድ ደንብ ነው፤ ማንም ቃል የተቀበለ ሰው የሰማውን መልሶ ለተናጋሪው ይናገር። ገበያተኛው መጀመሪያ ሳቀብን። «መልሰሽ ንገሪኝ» እያሉ ሲያበሽቁኝ ከረሙ። ከክረምት በፊትም አያና ሱቅ የሚበቃውን ጨው ቀደም ብለን ማሻገር ጀመርን፤ ጨው አልቆ ሰው ባዶ እጁን መመለሱ ቀረ። ኦሮምኛውን ደግሞ ሽማግሌው ራሳቸው፣ በየጭነቱ መሐል፣ ቃል በቃል አስተማሩኝ።

ዓመታት ሄዱ። ዳለቻዋ ሞተች፣ እሳቸውም አርጅተው ጉትን ቀሩ። አንድ የካቲት ታመው እንደተኙ ሰማሁና ልመጣ ነው ብዬ ላክሁባቸው። መልሱ በሳምንቱ በቅቤ ሻጯ እጅ መጣ። የኮባ ቅጠል ነው። ስፈታው ጭቃ።

በየካቲት! አንገር ቁርጭምጭሚት በማያልፍበት ወር! ሴትዮዋ ዐይን ዐይኔን እያየች «ሲፍ ገሌራ?» አለችኝ። ገብቶኛል እንጂ። አትምጪ፣ እንዲህ ሆኜ አትዪኝ ነው።

«ናፍ ሂን ገሌ» አልኳት። አልገባኝም።

በማግስቱ በቅሎ አስጭኜ ወጣሁ። አንገርን ጫማዬን በእጄ ይዤ ተሻገርኩት። ልጃቸው በር ላይ ተቀበለችኝ። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ተኝተዋል፤ ያ ትከሻ የት እንደሄደ እንጃ። ሲያዩኝ ፊታቸውን ሊያዞሩ ሞከሩ።

«ጭቃው አልደረሰሽም?»

«ደርሶኛል፣ አባ ኮ።»

«ታዲያስ?»

«ናፍ ሂን ገሌ።»

ትክ ብለው አዩኝና ሳቁ፣ ሳሉ፣ እንደገና ሳቁ። «ስንት ዓመት ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» አሉ፤ እጄን ግን አልለቀቁም።

በኋላ ልጃቸው ውጭ አውጥታ ነገረችኝ። ወንዙ ዳር ልከዋት ከአሸዋ በቀር ጭቃ አጥታ ተመልሳ ነበር። የሚጠጡትን ውሃ ወለሉ ላይ አፍስሰው፣ ተኝተው በጣታቸው እያሹ ነው ያቦኩት። አላስችል ብሎኝ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤም ገባሁ።

ዘጠኝ ቀን አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት እንዴት አደሩ እላለሁ፤ መልሳቸውንም ቆሜ እጠብቃለሁ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ብዙ ጠበቅሁ።