አንዴ ስልሳ፣ አንዴ ባዶ

ወንድሜ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ለሰው ቤት ማለቴ ነው። በራሱ ቤት ግን የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሚስቱን ይነዝራት ነበር።

መጀመሪያ ስትነግረው ወዲያው ተነስቷል፤ ይህን አልክድበትም። ውሃውን የሚያሞቀውን ቦይለር አጥፍቶ ክዳኑን ፈታ፣ በባትሪ አየው፣ ምንም አላገኘም። መልሶ አበራና የመለኪያውን አንድ ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ሶኬቱ ውስጥ ያለው የመሬት ሽቦ ላይ አደረገ። ስልሳ ቮልት አሳየው። ትንሽ ቆይቶ ደገመ፤ ባዶ። ከሥራ ባልደረባው ሌላ መለኪያ ተዋሰ። እሱም አንዴ ስልሳ፣ አንዴ ባዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆነበት።

እሷ ቀን ልብስ ስታጥብ ይነዝራታል፤ እሱ ማታ ከሥራ ሲገባ ትነግረዋለች፤ ይለካል፤ ባዶ። አንድ ቀን ሰለቸውና እኔው ፊት፣ «መሣሪያው የለም ካለ የለም ነው። አንቺ ፈርተሽ ነው» አላት። በዚያው ሳምንት ሻንጣዋን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች።

«ቤቱ እስኪስተካከል ነው» ይላል ሰው ሲጠይቀው። ልጆቹ አድገው የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። ቤቱ ጭር አለበት። ቆሞ ደረቅ ዳቦ ይበላል፤ ሬዲዮኑን ሳያጠፋ ይተኛል። እኔ ቤት ደግሞ፣ «አምፖልሽ ይርገበገባል፣ እስቲ ልየው» እያለ ይመጣል። አምፖሌ ምንም አልሆነም። ፈትቶ መልሶ ያስረዋል፤ እኔ እስካዛጋ ይቀመጣል። ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

አንድ ቅዳሜ ልብስ የሞላ ፌስታል ተሸክሞ መጣ።

«እህቴ፣ እነዚህን ትንሽ ለቅለቅ ብታደርጊልኝ...»

«እጅ የለህም እንዴ፣ ጋሼ?» አልኩት።

አኩርፎ ሄደ። ዕድሜ ልኩን ካልሲ አጥቦ አያውቅም። ባዶ እግሩን መታጠቢያ ቤቱ ገብቶ ዱቄት ሳሙናውን እፍኝ በእፍኝ ገለበጠው፤ አረፋው አልለቅ ብሎ ሙቅ ውሃውን ሲያፈስ፣ ሲያፈስ ቦይለሩ ቀጭ አለ። በዚያችው ቅጽበት ቧንቧው እስከ ክርኑ ነዘረው።

ከድንጋጤው ሲመለስ ገባው። ሙቅ ውሃ ብዙ ሲቀዳ ቦይለሩ በራሱ ይነሳል፤ ውሃው ሲሞቅ በራሱ ይጠፋል። ኤሌክትሪኩ የሚያመልጠው ሲሠራ ብቻ ነው። እሱ የሚለካው ግን ቦይለሩ ሥራውን ጨርሶ ሲተኛ ነበር። ጫማውን አድርጎ ውሃው እየፈሰሰ ለካ። ስልሳ፤ ንቅንቅ አላለም። ቆጣሪውን አጥፍቶ ሲፈታው ውስጡ ያለው የማሞቂያ ብረት ተሰንጥቋል፤ ራሱ በእጁ ያሰረው የመሬት ሽቦም ከማሞቂያው ኋላ ከተደበቀው ብሎኑ ወልቋል።

አዲስ ማሞቂያ ገዝቶ ቀየረ፣ ሽቦውን አጠበቀ፣ እኔንም ጠርቶ ቧንቧውን አስነካኝ። እንዲህ ፊቱ ሲበራ ካየሁት ቆይቻለሁ። እጁ እርጥብ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ደወለላት።

«አገኘሁት! እውነትሽን ነው፤ ቦይለሩ ነው» አላት።

«እንዴት አገኘኸው?»

«ነዘረኝ።»

«አመመህ?»

«አይ፣ አሁን ተስተካክሏል። እህቴም ነክታ አይታዋለች። መቼ መጥቼ ልውሰድሽ?»

«ያስወጣኝ እኮ ቧንቧው አይደለም» አለችው ቀስ ብላ። «እሱንማ በደረቅ ፎጣ እየያዝኩ እከፍተው ነበር። ነዘረኝ ስልህ ሮጠህ ቧንቧውን ታያለህ። አንድ ቀን እንኳ እጄን አላየኸውም።»

ወንድሜ ነው፤ ግን ምን ብዬ ላግዘው? እውነቷን ነው።

እርጥብ እጁን በሱሪው ጠራርጎ ስልኩን አንስቶ አፉ አጠገብ አደረገው።

«አሁንስ እጅሽ እንዴት ነው?» አላት።

እኔ ስክሪኑን እያየሁት ነበር። ሳይጠይቃት ቀድማ ዘግታዋለች።