ጉጉቷ የተለጠፈችበት ሁሉ

እውነቱን ልናገር፤ የስኳድሮናችንን ታሪክ የጻፍኩት ታሪክ ወዳድ ስለሆንኩ አይደለም። ቅጣት ነው። ሃይስኩል ከጨረስኩ ወዲህ ተቀምጬ ያነበብኩት ነገር ቢኖር የመንጃ ፈቃድ ፈተና መጽሐፍ ብቻ ነው፣ እሱንም ግማሹን።

አዘቦት ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ፍሮንት ዴስክ ላይ ተቀምጬ "ኢንሹራንስዎን ይዘዋል?" እላለሁ። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የባሕር ኃይል ተጠባባቂ ነኝ፤ ስኳድሮን በሚባል የአውሮፕላን ክፍል ውስጥ ሽቦ እጠግናለሁ። የእኛ አውሮፕላኖች ዋና ሥራቸው ረብሻ ነው። የጠላት ራዳር እንዳያይ፣ ሬዲዮው እንዳይሰማ ያደነቁሩታል። ኤሌክትሮኒክ ውጊያ ይባላል። ይህን ለአባዬ ሳስረዳው፣ "ሰው ማደንቆር ከሆነማ ትክክለኛ ቦታሽ ገብተሻል" አለኝ።

ዓርማችን ጆሮዋን በክንፎቿ የደፈነች ጉጉት ናት። አንድ ልማድ ደግሞ አለን። ሌላ ስኳድሮን ጋ በእንግድነት ስትሄድ፣ የስኳድሮንህን ስቲከር ማንም ሳያይህ አውሮፕላናቸው ላይ ትለጥፋለህ። ካልተያዝክ አሸነፍክ። የተለጠፈበት ወገን ማኩረፍ አይፈቀድለትም። የትም አልተጻፈም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

እኔ የለጠፍኩት ለጉብኝት የመጡ አድሚራል መኪና ላይ ነው። መኪና አውሮፕላን አይደለም። ያውም ተይዤ፣ ጣቴ ከጉጉቷ ላይ ሳይነሳ።

የጥገና ክፍሉ አለቃ፣ ቺፍ የምንለው፣ ሲናደድ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ይቀንሳል። የዚያን ቀን ጭራሽ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው።

"ጃፓን ከሚሄዱት ዝርዝር ላይ ስምሽን ሰርዤዋለሁ።"

ያንን ጉዞ ዓመት ሙሉ ነው የጠበቅኩት። ለጥርስ ሐኪሙ እንኳን "ሌላ ሰው ፈልግ" ብዬዋለሁ፣ ትንሽ በጉራም ጭምር። ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ ቺፍ ከጠረጴዛው ሥር ሦስት ካርቶን ጎትቶ አወጣ።

"መለጠፍ ትወጃለሽ አይደል? የስኳድሮኑ ታሪክ እዚህ ውስጥ ተበታትኗል። ሰብስበሽ አንድ ላይ ለጥፊው። የድሮው አዛዥ ለአዲሱ ለሚያስረክብበት ቀን ያለ ምንም ክፍተት ካደረስሽው ስምሽን እመልሳለሁ።"

ካርቶኖቹን ክፍሌ ወስጄ ማታ ማታ አነበብኩ። እንደዚህ ያለ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም። ተሰማርቷል፣ ደግፏል፣ ተመልሷል፤ ተሰማርቷል፣ ደግፏል፣ ተመልሷል። በረሃ ሄደው አሸዋ ቁርስ ምሳቸው ሲሆን፣ መርከብ ላይ እንቅልፍ ሲያጡ፣ ሁሉም "ደግፏል" ነው። ስኳድሮኑ ሊበተን ነው ተብሎ የመሰናበቻ ኬክ ሁሉ ከተቆረጠ በኋላ ሳይበተን እንደተረፈ ያወቅኩት ከኬኩ ፎቶ ጀርባ ነው። እሱን ሳየው ግን ወደድኳቸው።

ከዚያ አንዱ ካርቶን ውሃ ገብቶበት ኖሮ የአንድ ጉዞ መጨረሻ ጠፋ። አራት ሰዎች ቀድመው እንዲመለሱ ታዘዙ ይላል፤ መመለሳቸው ግን የለም። በወረቀት ከሄድን እስካሁን እዚያው ናቸው።

"ቺፍ፣ ተመልሰዋል ብዬ ልጻፈው? ጡረታ ወጥተው ዓሣ እያጠመዱ ይሆናል።"

"ሰነድ" አለኝ፣ ይበልጥ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ርክክቡ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሌክሳንድሪያ አባዬ ጋ ሄድኩ። የአባዬ ጓደኛ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ሶፋውን ይዘዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኤርፖርት ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ የቀራቸው ሥራ የእድራችን ሊቀመንበርነት ነው። የእድሩን ቢጫ ስቲከር ኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። የአባዬ ፍሪጅ ላይ ብቻ ሦስት አለ።

ጉጉቷ ያለችበትን ፎልደሬን ጠረጴዛው ላይ ስጥለው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

"ይቺን ወፍ አውቃታለሁ።"

"አያውቋትም ጋሼ፣ የእኛ ናት።"

"የእናንተ ከመሆኗ በፊት የእኔ መኪና ውስጥ ነበረች! አራት ወታደሮች፣ የሚወስዳቸው ባስ ቀርቶባቸው፣ ከነሻንጣቸው ኤርፖርት ተገትረው። እኔ ነኝ ጦር ሰፈራቸው ያደረስኳቸው። ሻንጣው አልገባ ብሎ አንዱን ሌላው ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ሲወርዱ ግሎቭ ቦክሱ፣ ከፊት ያለችው መሳቢያ ክዳን ላይ ይቺን ለጠፉ፣ ፈረሙበት፣ ከየት እንደመጡና ቀኑንም ጻፉበት። ታክሲውን ስሸጥ ክዳኑን ነቅዬ አስቀረሁት።"

አባዬ ሳቀ። "ገዢው እስከዛሬ ክዳኑን ይፈልጋል።"

እኔ ግን አልሳቅኩም። ተነስቼ ቆሜያለሁ። "ጋሼ፣ አሁኑኑ እንሂድ፣ ይስጡኝ።"

"በነፃ? እኔም ታሪኩ ውስጥ ልግባ።"

"ይሙቱ ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኔቪ ታሪክ ነው እንጂ የእድር መዝገብ አይደለም።"

"የእድር መዝገብ ቢሆን ኖሮ የሄደ ሰው መመለሱ ሳይጻፍ አይቀርም ነበር!"

እሺ አልኩ።

ክዳኑን ቺፍ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ፊርማዎቹን። አንዱ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ይሄ ሥራ ያስተማረኝ ሰው ነው" አለ። ሹክሹክታም አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም፤ ተራ ድምፅ። ከዚያ ረቂቄን አነበበና ቀና አለ። "የታክሲ ሾፌሩ ግን እዚህ ምን ይሠራል?"

"ሰነዱ ከነሾፌሩ ነው የመጣው፣ ቺፍ።"

አልሰረዘውም።

የርክክቡ ዕለት ቤተሰብ ተጋብዞ ነበር። ጋሼ ለሠርግ እንኳ የማይለብሱትን ሱፍ ለብሰው ከአባዬ ጋር መጡ። አዲሱ አዛዥ ከታሪኩ ላይ ጥቂት አነበበ፤ "አራቱ በአንድ ታክሲ በሰላም ተመለሱ" ሲል ጋሼ ብድግ ብለው እጅ ነሱ። ማንም ተነሱ አላላቸውም። የጃፓኑ ዝርዝር ከምሳ በኋላ ይነገራል ተባለ።

ምሳው ሳያልቅ ቺፍ ጠራኝ። ለእይታ በቆመው አውሮፕላን አፍንጫ ሥር፣ የፊት ጎማው በር ላይ፣ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ያሉበት ቢጫ ስቲከር በአማርኛ ጽሑፍ ተለጥፏል።

"ምን ይላል?" በሹክሹክታ።

"የመረዳጃ እድር ይላል፣ ቺፍ።"

"ምን የሚሠራ ድርጅት ነው?"

"ሰው ሲሞት... ይቀብራል።"

ቺፍ አውሮፕላኑን አየው። አባዬ ትን አለው። ጋሼ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሰማዩን ያጠናሉ። እኔ ጃፓን ከእጄ ስታመልጥ በዓይኔ አየኋት።

"ሲለጠፍ ያየ ሰው አለ?" ቺፍ ዞር ዞር ብሎ ጠየቀ። እኔም እንደ ጋሼ ሰማዩን ማጥናት ጀመርኩ። የቺፍ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። "ካልተያዘ አሸንፏል። ታሪኩ ላይ ጨምሪው።"

"ጃፓኑስ፣ ቺፍ?"

"ስምሽ ተመልሷል። እዚያ መኪና ላይ ከለጠፍሽ ግን በዋና ነው የምትመለሺው።"

ጋሼ ምንም እንዳልሰማ ሰው ቀስ ብለው ወደ እኔ ጠጋ አሉና የሆነ ነገር እጄ ውስጥ ወሸቁልኝ። ከፍቼ ማየት አላስፈለገኝም፤ ቢጫነቱ በጣቶቼ መሃል ይታይ ነበር።

"አሥር ናቸው" አሉኝ። "አደራ፣ ጠበቅ አድርገሽ ለጥፊ፣ ንፋስ እንዳያነሳው።"