«አማቴ» የተባለችው ቢላዋ

በአንድ ሆቴል ማድ ቤት ውስጥ አንዲት ቢላዋ አለች፤ ስሟ «አማቴ» ነው። ስለቷ ላይ፣ ከእጀታዋ አጠገብ፣ በደህና ፊደል ተቀርጿል። እጀታዋ አጭርና ደንዳና ስለሆነ ለሌላ ሰው አትመችም። ዋናዋ ምግብ አብሳይ በሷ ሽንኩርት ስትከትፍ ላየ ግን ማየቱ ብቻ ያጠግባል።

ስሟማ የቤቱ መሳቂያ ነው። «አማትሽ ዛሬ ምን ነካት፣ ደነዘች?» ይላል ሳህን አጣቢው። «ከአማትሽ ምላስ ይሰውረን!» ይላል ስጋ ቆራጩ። አብሳይዋም አብራቸው ትስቃለች። እውነቱን ለማንም ነግራ አታውቅም። ምን ታድርግ፣ ምስጋና ከአፏ የማይወጣላት ሴት ናት፤ ስድብ ቢሆን ይቀላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የስጋ መፍጫው ማሽን ከቀኝ እጇ ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣቷን ወሰደባት። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ቢላዋ በያዘች ቁጥር ከእጇ እያመለጠ አስቸገራት። ባሏ «በቃ ቤት ተቀመጪ፣ እኔ አለሁልሽ» አላት፤ ጎረቤቱም ከንፈሩን መጠጠላት። ከንፈሯን ያልመጠጠች አማቷ ብቻ ነበረች። አንድ ጠዋት መጣችና «ተነሺ!» ብላ እየጎተተች ቢላዋ ሠሪ ዘንድ ወሰደቻት።

ሰውየው የራሱ አሠራር አለው፤ ለደንበኛው ለስላሳ ጭቃ ያስጨብጥና የታተመውን የእጅ ቅርጽ እያየ እንጨቱን ይጠርባል። የሷን ጭቃ ሲያይ አመነታ። «በሦስት ጣት እንዴት ይሆናል?» ቢል፣ አማቲቱ «የጎደለው እጀታህ ነው እንጂ እጇ አይደለም!» ብላ አፉን አስያዘችው። ቢላዋዋ ስታልቅ ልትቀበል የሄደችው ግን ምራቲቱ ብቻዋን ነበረች። «ስም ሳይወጣላት ከቤቴ አትወጣም» አላት ሠሪው። ምራቲቱ ለማሰብ እንኳን ጊዜ አልወሰደችም፤ «አማቴ ብለህ ጻፍ» አለችው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ይሄን ስም ያልሰማች አማቲቱ ብቻ ሆነች።

ታዲያ በቀደም፣ አማቲቱ ምራቷ የረሳችውን የቤት ቁልፍ ይዛ በሆቴሉ ጓሮ በር ከተፍ አለች። ሳህን አጣቢው ቢላዋዋን ከፍ አድርጎ «አማትሽን ምን ላድርጋት?» ሲል ደረሰች። አብሳይዋ «ሙልጭ አድርገህ እጠባትና ስቀላት!» አለች። ማድ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ዞር ሲሉ አሮጊቷ በሩ ላይ ቆማለች። ሌላ ቀን ቢሆን በአንድ ቃል ሁሉንም ልክ ታስገባቸው ነበር። አሁን ግን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። አብሳይዋን ክው ያደረጋት ይሄ ዝምታ ነው። ይቺ ሴት ተቀይማ ከወጣች ዳግም ደጃፏን እንደማትረግጥ ታውቃለች። እናቷን በልጅነቷ የቀበረች ናት፤ ከአማቷ ሌላ እናት የላትም።

«እማማ፣ ይቁሙ እንጂ!» ቢላዋዋን ነጥቃ ሮጠችና ደጃፉ ላይ ደረሰችባት። እጀታዋን ወደ አማቷ አዙራ ዘረጋችላት። «እስቲ ይያዟት።»

አሮጊቷ በቁጣ ተቀበለቻት። አልመች አለቻት፤ ሁለቱ ጣቶቿ የሚያርፉበት አጡ። አገላበጠቻት፤ ስለቷ ላይ «አማቴ» የሚለውን አነበበች። ከዚያ ትንሿን ጣቷንና የቀለበት ጣቷን አጠፈች። ቢላዋዋ መዳፏ ውስጥ ልክክ አለች።

«ሰው ሁሉ ተቀመጪ ሲለኝ ተነሺ ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለች ምራቲቱ እያለቀሰች። «ሌላ ምን ስም ላውጣላት?»

አሮጊቷ ሁለት ጣቶቿን እንዳጠፈች በሌላኛው እጇ ዓይኗን ጠረግ ጠረግ አደረገች። ከዚያ ስለቷን በዚያው እጇ አውራ ጣት ሞከረችና ፊቷን አጨማደደች።

«አማትሽ ደንዛለች» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «እዚህ ቤት ሞረድ የለም እንዴ?»