የእናቴ ተራ የደረሰበት ማለዳ

አውሮፓ ሳለሁ ከሁሉ የናፈቀኝ፣ ሰው ሳይጠራ የሚገባበት ቤት ነበር።

ሚዛን አጠገብ አማን ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ ቀን የሚጀመረው በቡና ቅጠል ነው። ፍሬው ለገበያ ይሄዳል፤ ቅጠሉን ለራሳችን እናስቀረዋለን። ይታመስና ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከሚጥሚጣ ጋር በትልቅ ማሰሮ ይፈላል። ጨሞ እንለዋለን። ማንም ለብቻው አያፈላም። ዛሬ እኛ ጋ፣ ነገ ጎረቤት፣ ከነገ ወዲያ ከቦዩ ማዶ እየተባለ በተራ ይዞራል። ሰፈሩ ባለተራዋ ቤት ተሰብስቦ በቅል እየጠጣ የዝናቡን ነገር፣ የታመመውን ሰው፣ የሚያገባውን ልጅ ያነሳል፤ ከዚያ ወደ እርሻውና ወደ ሱቁ ይበተናል። ሚጥሚጣው አይጣል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ እንግዳ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር እያዩ መሳቅ የልጅነታችን ትልቁ ጨዋታ ነበር።

ለትምህርት ቤልጅየም ሄድኩ። ዕረፍት ሲሆን በባቡር እዞራለሁ። ሃምቡርግ ወደቡ አጠገብ ከአንድ መጋዘን ደጃፍ የጥሬ ቡና ሽታ አቆመኝ። አባቴ በሕይወት ሳለ ይሠራበት የነበረው የቴፒ እርሻ፣ ከጆንያዎቹ ላይ እየዘለልኩ የወደቅኩበት፣ እሱም የሳቀብኝ ሁሉ መጣብኝ። ጠባቂው ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ይቅርታ ብዬ ሄድኩ።

በምዞርበት ባቡር ላይ ሰው ቆሞ እየሄደ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ይውላል። መጀመሪያ ጠረኔ ይሆናል ብዬ ሽቶ ገዛሁ። ሽቶው አለቀ፤ ወንበሩ ግን ያው ባዶ ነው። ብሽቅ ብዬ በመስኮት በረዶውን ሳይ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጫካው ዳር ከሰል ተሸክማ ወደ ቤታችን ትመጣ ነበር፤ ከእናቴ ጋር እኩያ ነች። ወገኖቿ ከሌላው ሰው ጋር አይቀመጡም፣ አብረው አይበሉም ተብሎ ተፈርዶባቸዋል። ማን እንደፈረደ የሚነግረኝ ሽማግሌ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ከሰሏን ከአጥር ውጭ ታራግፋለች፣ ጨሞዋን ከአጥር ውጭ ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። ማንም ሳይጠራ ይገባበታል ያልኩት ቤት ለእሷ በር አልነበረውም።

ጻፍኩት። እልኸኛ ነኝና የሰፈሬን ስም ሳልሸፍን፣ የእናቴን አጥር ሳልደብቅ ጻፍኩት። አዲስ አበባ ታተመ፤ ቀጭን መጽሐፍ ናት። አንዷ ገጽ በስልክ ፎቶ ተነስታ አገራችንን ከጌጫ እስከ ቱም ዞረች። መጽሐፉን የገዛው ጥቂት ነው፣ የተቆጣው ግን ብዙ። የቤቱን ገመና ለፈረንጅ የሸጠ ተባልኩ። በአማርኛ የጻፍኩትን የትኛው ፈረንጅ እንዳነበበው እንጃ።

ትምህርቴን ሳልጨርስ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት መጣሁ። ሚዛን መናኸሪያ ከአውቶቡስ ስወርድ አብሮኝ የተማረ ልጅ ከሩቅ አይቶኝ፣

«ፈረንጆቹ አስተማሩህ ወይስ አስረሱህ?» አለኝ።

«ሁለቱንም» አልኩት። አልሳቀም።

እናቴ አቅፋ ሳመችኝ፣ አለቀሰች፣ መክሳቴን አይታ ተቆጣች። ስለ መጽሐፉ ትንፍሽ አላለችም። በሦስተኛው ቀን ግን የጎረቤታችን ሴትዮ መጣች፤ እናቴ ገበያ ስትውል እያበላች ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናቴ ጓሮ ሳለች አጠገቤ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ዋሸህ አልልህም» አለች። «ግን የእናትህን አጥር ከምትጽፍ የእኔን ብትጽፍ ምን ነበረበት? እኔ ባል አለኝ፣ ልጆቼ እዚሁ ናቸው፣ እችለው ነበር። አሁንማ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነገ የእናትህ ተራ ነው፤ ሰዉ ላይመጣ ተነጋግሯል።»

«አንቺስ?»

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ተራ መዘለል ምን ማለት እንደሆነ ለሰፈራችን ሰው አይነገረውም። ተራዋ የተዘለለች ሴት ስትታመም እሳት የሚያነድላት፣ ስትሞት ድንኳን የሚተክልላት ታጣለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? የሩቁ ዘመድ እኔ ሆኛለሁ። ፈራሁ፤ ለራሴ ሳይሆን ለእሷ።

ማታ «እማዬ፣ የነገውን ተዪው። አሞኛል በይ» አልኳት።

«አላመመኝም» አለች። «ተራዬ ነው።»

ገና ጎህ ሲቀድ አፈላች። ቅሎቹን አጥባ ደረደረች፣ በርጩማዎቹን እንደ ልማዷ ዙሪያውን አደረገች፣ የአጥሩን በር ወለል አድርጋ ከፈተች። ጉም ሰፈሩን ሸፍኖታል። ከጉሙ ውስጥ የጎረቤት ሳል ይሰማል፣ በር ሲከፈት ሲዘጋ ይሰማል። ማንም አልመጣም። ደሜ ፈላ። ወጥቼ በየበሩ ልጮህ ስነሳ «ተቀመጥ» አለችኝ፤ ተቀመጥኩ። በልጅነቴ እንደዚያ ስትለኝ እቀመጥ እንደነበረው።

ቅዳሜ ነበርና ጉሙ ሲገፍ ከሰል ሻጯ መጣች። ጀርባዋ ጎብጧል፣ ሸክሟ ግን አልቀነሰም። እንደ ወትሮዋ ከአጥር ውጭ አራግፋ ላቧን ጠረገች። እናቴ ወደ በሩ ሄደች።

«ግቢ» አለቻት።

መጽሐፌ ያሸነፈ መሰለኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ በርጩማ ላቀርብላት ብድግ አልኩ።

ሴትየዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። በሰፈሩ ያሉትን በሮች አንድ በአንድ አየች።

«እትዬ፣ እዚሁ ይሻለኛል» አለች። «ዛሬ ከገባሁ ነገ ከሰሌን ማን ይገዛኛል? አንቺም ብቻሽን ነሽ፤ በእኔ ምክንያት ከጎረቤት አትጣዪ።»

 እናቴ ተመልሳ ገባች፣ ማሰሮውን በጨርቅ ይዛ አነሳችው፣ በአጠገቤ አልፋ ወጣች። ከአጥር ውጭ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚያየው መንገድ ዳር አስቀመጠችው። ቀሚሷን ሰብስባ ከሳሩ ላይ ከሴትየዋ ጎን ተቀመጠች። ቀድታ ሰጠቻት፣ ለራሷም ቀዳች።

ልከተላት ስል ሳትዞር «አንተ እዚያው ሁን» አለችኝ። «አንተ ትሄዳለህ፤ የምንቀረው እኛ ነን።»

ቆሜ ቀረሁ። የሁለቱን ጀርባ አያለሁ፤ የሚያወሩት አይሰማኝም። የጎረቤታችን በር ተከፈተ። ያሳደገችኝ ሴትዮ ብቅ ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፣ ከዚያ ተመልሳ ገባች። እናቴ ቅሏን ደግማ ሞላች።

እነሆ ዓመታት አለፉ። የጻፍኩትን አልክድም፤ ዛሬም ቢሆን እጽፈዋለሁ። ነገር ግን ያንን ሰፈር፣ ያንን ሁካታ፣ የዚያን ማለዳ ሳል እንኳ ሳይቀር እናፍቃለሁ፤ ለእኔ ከሩቅ የሚናፈቅ ነው፣ ለእናቴ ግን ከደጇ ላይ ቆሞ ዝም ያላት ነው። ተራው ዛሬም ይዘላታል። እሷ ራሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ታፈላለች። እዚህ አዲስ አበባ ሥራ የሌለኝ ቅዳሜ ስለሆነ በማለዳ ነቅቼ እደውልላታለሁ፤ ብቻዋን መሆኗ ይከነክነኛል። ስልኩን ታነሳዋለች፣ ድምፅዋ ደስ ይላል፣ ወዲያውም ትቸኩላለች።

«እንግዳ አለብኝ ልጄ» ትለኛለች። «ቆይተህ ደውል።»