ለፋሲካ የተመለሰችው ልጅ

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ክሊኒክ ነርሷ አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ ከእጇ አምልጧት ወለሉ ላይ ተሰበረ። የስኳር በሽተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን እንደሚሸት ብዙ ሰው አያውቅም። አዲስ የተከፈተ የቁስል ፕላስተር ነው የሚሸተው፤ ጎማ ጎማ፣ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። እኔ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጬ የአንዲት አሮጊት ካርድ እያየሁ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ ካርዱን መለስኩላቸውና “አንዴ ይቅርታ” ብዬ ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁ። ያየኝ ሰው ላለቅስ የወጣሁ መስሎት ይሆናል። አላለቀስኩም። አንድ ፍሪጅ ትዝ ብሎኝ ነው።

ፍሪጁ የነበረው እዚሁ ሰው አገር፣ ሚድ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ ከፒኮ ጎዳና ገባ ብሎ፣ አሳዳጊያችን ቤት ነው። በሩ ላይ፣ የእንቁላሉ ቦታ፣ እዚያ ቤት አብራኝ የነበረችው ልጅ ብልቃጦች ይደረደሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ በኩሽናው መስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ስታርፍ ሸሚዟን ገለብ አድርጋ ሆዷን ትወጋለች። ያ ሽታ ከሚጠበሰው እንቁላል ጋር ይደባለቃል። ከታች የአውቶቡሱ ፍሬን ያፏጫል። እሷ መርፌውን እየከደነች ፈገግ ትልልኛለች፤ እኔ ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ እጠላት ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ሁለታችንም የፎስተር ልጆች ነበርን፤ ፍርድ ቤት ከወላጅ ወስዶ ሰው ቤት ያስገባን። እኔን እናቴ ጥላኝ ስትጠፋ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው ያመጡኝ። አሳዳጊያችንን “እትዬ” ነበር የምንላቸው። ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ ውለው የሚመጡ፣ እሑድን ሙሉ ቸርች የሚያሳልፉ ሴት ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፤ ግን ሁልጊዜ ይደክማቸው ስለነበር ከምግብና ከጸሎት ያለፈ ነገር ከእሳቸው አይጠበቅም ነበር።

እሷ የመጣችው አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላን ነው። አባቷ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ካስመጣት ገና ዓመት አልሞላትም። አንድ ቀን ተናዶ በቀበቶ መታት። የስፖርት አስተማሪዋ ጀርባዋን አየች፤ በዚያው ቀን ወሰዷት። እንግሊዝኛዋ ገና ስለነበር ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም የምተረጉምላት እኔ ሆንኩ። ትወደኝ ነበር። ፀጉሬን ትሠራኛለች፣ ልብሴን ታጥፍልኛለች፣ “እህቴ” ትለኛለች። በክፋቴ ውስጥ ዛሬም የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

የአገራችን ሰው ሱቆችና ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ ላይ ወሬ ከሱቅ ሱቅ ለመድረስ መብራት እንኳ አይጠብቅም። “ልጁን መንግሥት ቀማው” ተባለ። አባቷ ከዚያ በኋላ እዚያ ሰፈር ምሳ መብላት ተወ፤ ታክሲውን ሌላ መንገድ እያዞረ ያልፍ ነበር አሉ። በሁዳዴው ጾም መካከል ሦስት ሽማግሎች ተነሱ። መጀመሪያ እሑድ እትዬ በር ላይ መለሷቸው። በሁለተኛው እሑድ ገብተው ሻይ ጠጡ። በሦስተኛው አባትየውን ይዘው መጡ።

ያን ቀን አልረሳውም። ሰውዬው ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫቱን እስከ አንገቱ አጥብቆ፣ እግሯ ሥር ወደቀ። አባት ልጁ እግር ላይ ሲወድቅ አይቼ አላውቅም ነበር። እሷ “ተነስ፣ አባዬ፣ በማርያም ተነስ!” እያለች በሁለት እጇ ትጎትተዋለች። ትልቁ ሽማግሌ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ “በቃ፣ ለፋሲካ ቤቷ ትግባ። በተጣላ ቤት እንዴት ጾም ይፈታል?” አሉ። ሁሉም “አሜን” አለ።

እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። አንደኛው ሽማግሌ ስኳር እየጨመሩ ቀና ብለው አዩኝና “ይቺስ የማን ናት?” አሉ።

እትዬ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ ሳያደርጉ፣ “እሷን ተዉአት፣ ጠያቂ የላትም” አሏቸው።

ሽማግሌው ሻያቸውን ማማሰል ቀጠሉ። አንድ ሰው እንኳ “እንዴት?” ብሎ አልጠየቀም። ትሪውን ኩሽና ወስጄ ስኒዎቹን አጠብኩ። በጣም ቀናሁ። አራት ዓመት ሙሉ የዚያን ቤት በር አንድ ሰው እንኳ ለእኔ ብሎ አንኳኩቶ አያውቅም። ለእሷ ሱፍ ተለብሶ፣ ሦስቴ ተመላልሶ፣ መሬት ተወደቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፎስተር ልንወጣ ለተቃረብን ልጆች የሚሰጥ ትምህርት ነበር፤ ቤት እንዴት እንደሚከራዩ፣ የባንክ ሒሳብ እንዴት እንደሚከፈት። ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ እሷ ከአባቷ ጋር ለምሳ ስለተፈቀደላት ቀረች። ያን ቀን አስተማሪዋ ያስተማረችን ስለ ጤና ነው። በአሥራ ስምንተኛ ልደቱ ቀን በፎስተር ውስጥ ያለ ልጅ እስከ ሃያ ስድስት ዓመቱ የጤና ሽፋን አለው፤ የማንም ገቢ አይጠየቅም። ከዚያች ቀን በፊት ወደ ቤተሰብ የተመለሰ ግን የለውም። አስተማሪዋ ሁለቴ ደገመችው። እኔ ማስታወሻዬ ላይ አሰመርኩበት፤ ቤት ስገባ ለእሷ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ከሽማግሎቹ በፊት የነበረ ቅዳሜ ነው፣ ያኔ ከልቤ ነበር ያሰብኩት። እሷ ግን አባቷ የገዛላትን ጫማ ይዛ ገባች፤ ጫማውን ስታሳየኝ ነገሩን ተውኩት።

ፋሲካው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጉዳያችንን የምትከታተለው ሶሻል ወርከር የመውጫዋን ወረቀት ይዛ መጣች። በዚያ ዓመት ሦስተኛዋ ናት፤ የእኛን ስም ለመጥራት ገና ፋይሉን ታያለች። እትዬ ሥራ ናቸው። አባትየው ታች ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ይጠብቃል። ሴትዮዋ በስልክ አስተርጓሚ ልታገናኝ ሞከረች፤ የሚያስጠብቁበት ሙዚቃ አላልቅ አለ። ሰዓቷን አየችና “አንቺ ልትተረጉሚላት ትችያለሽ?” አለችኝ። አይፈቀድላትም መሰለኝ፤ ግን ቸኩላለች።

ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ እጇን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ተናገረች። “ይሄን በደንብ እንድትረዳው እፈልጋለሁ። ከዛሬ በአሥራ ሰባተኛው ቀን አሥራ ስምንት ይሞላታል። እስከዚያ ከቆየች መድኃኒቷ ለስምንት ዓመት አያሳስባትም። አሁን ከወጣች ይሄ መብት ይቀርባታል። ባለባት በሽታ፣ እኔ ብትቆይ ነው የምለው።”

እሷ አፍ አፌን ታያለች። “ምን አለች?”

መስኮቱ ክፍት ነበር። ከታች የአባቷ ታክሲ ሬዲዮ ይሰማል። ጠያቂ የላትም ያሉት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ይሄ ሰበብ እንዳይመስልሽ፣ የሆነውን ነው የምነግርሽ።

“በፈቃድሽ ነው ወይ የምትሄጂው ነው የምትለው” አልኳት።

“አዎ በያት! በፈቃዴ ነው በያት!”

“ኦኬ ነው ትላለች” አልኩ ለሴትዮዋ በእንግሊዝኛ። “ገብቷታል።”

ሴትዮዋ አየቻትና ወረቀቱን ገፋችላት። ፈረመች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እያለቀሰች “አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?” አለችኝ። ደረጃውን በሩጫ ስትወርድ የጫማዋ ድምፅ እስከ ታች ይሰማኝ ነበር።

ሁለት ወር ቆይቶ እኔ እዚያው ፎስተር ውስጥ ሆኜ አሥራ ስምንት ሞላኝ። የጤናው ካርድ በፖስታ መጣልኝ። ባልድዊን ሂልስ አጠገብ ከሌላ ልጅ ጋር የምጋራው አፓርታማ ተሰጠኝ፣ ኮሌጅ ገባሁ፣ መነጽር አስደረግሁ፣ ለዓመታት ሲያመኝ የነበረው ጥርሴ ተነቀለ። አንድ ቀን እንኳ ታምሜ ሆስፒታል አልገባሁም። ያን ካርድ ለጥርስና ለመነጽር ነው የጨረስኩት።

እሷ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ሆነች። አሥራ ዘጠኝ ሲሞላት ደብዳቤ ደረሳት፤ እንደ ልማዷ እንዳነብላት ወደ እኔ አመጣችው። ምግብ ቤቱ ጀርባ፣ ባዶ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጠን አነበብኩላት። ከአባቷ ጋር ስለምትኖር የእሱ ገቢ ከእሷ ጋር ተደምሮ ከወሰኑ አልፏል፤ እስከዚያ በልጅነቷ ታገኝ የነበረው የጤና ሽፋን ተቋርጧል ይላል። አባቷ ደግሞ ታክሲ ነጂ ነው፤ ለራሱም ኢንሹራንስ የለውም።

“አንቺስ? አንቺ አለሽ አይደል?” አለችኝ።

“አለኝ።”

“እንዴት?”

“ዕድል ነው” አልኳት።

ደብዳቤውን አጣጥፋ ሽርጧ ኪስ ከተተችው። “ተመስገን፣ አንዳችን እንኳ ይኑረን” አለች። ምቀኝነት የሚባለውን ነገር ያልፈጠረባት ልጅ ነበረች። ያኔ መናገር እችል ነበር። ብነግራት ምናልባት ትመታኝ፣ ምናልባት ጠበቃ እንፈልግ ነበር። ነጻ የሚያክም ክሊኒክም ነበር፤ ፎርሙ ረጅም ስለሆነ “እኔ እሞላልሻለሁ” ብዬ ተቀበልኳትና ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩት። ፈተና ነበረብኝ። ፈተናዬን በጥሩ ውጤት አለፍኩ፤ ፎርሙ ግን እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር።

በየሳምንቱ እየቀጠነች ሄደች። ሴቶቹ “ምን በልተሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?” ይሏታል። እኔ ስጠይቃት ሳቀች። “አየሽ፣ ግማሽ ግማሽ ነው የምወጋው። ያቺ ያለችኝ እንድትቆይልኝ። ኦኬ ነኝ፣ ውኃ ብቻ ነው የሚጠማኝ። ፎርሙስ?”

“በዚህ ሳምንት” አልኳት።

ሰሐን ተሸክማ እንደቆመች ወደቀች። ቀትር ላይ ነው፣ ምግብ ቤቱ ሙሉ ነበር። ስልክ ተደውሎልኝ ሆስፒታሉ ስደርስ አባቷ ኮሪደሩ ላይ የታክሲውን ቁልፍ እንደጨበጠ ቆሟል። እንግሊዝኛው መንገድ ለመጠየቅና ሂሳብ ለመቀበል የሚሆን ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም። ሐኪሙ መጣ፤ የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከርም አብራው መጣች። አባቷ ወደ እኔ ዞረ።

ያን ቀን አንድ ቃል አልዘለልኩም። ደሟ አሲድ ሆኗል አልኩት። አንጎሏ አብጧል አልኩት። መድኃኒቷን ስትቆጥብ ነው የቆየችው፣ ከሁለት ቀን በፊት ብትመጣ ይቻል ነበር አልኩት። ከዚያ ሶሻል ወርከሯ ፋይሉን እያየች ፎስተር ውስጥ ኖራ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀች። የወጣችበትን ቀን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያለችውንም ተረጎምኩለት። አሥራ ሰባት ቀን ብትቆይ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይኖርም ነበር።

አባቷ ያንኑ ቁጥር በአማርኛ ደገመው። “አሥራ ሰባት ቀን? ለአሥራ ሰባት ቀን ነው?” ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። “ማን ነገረን?” እያለ ሱሪዬን ይዞ ያለቅስ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አረፈች። እጇን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ፀጉሯ ሳይበጠር እንዳይቀር ብዬ በጣቶቼ ለያይቼ ጎነጎንኩት፤ መጎንጎን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

በአርባዋ ማግስት እነዚያው ሦስት ሽማግሎች አፓርታማዬን አንኳኩ። አባቷን ይዘውት መጥተዋል። የማን ናት ብለው የጠየቁት ሽማግሌ፣ “አንቺ ስታስታምሚያት አይተናል፣ ለሱም ከአንቺ ሌላ የቀረው የለም። ልጅ ሁኚው” አሉኝ። መሬቱን እያየሁ “እሺ” አልኩ።

ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆነን። ፋሲካን የምውለው እሱ ቤት ነው። ታክሲውን ሸጧል፣ ጉልበቱን ያመዋል፤ ዶሮውን እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ከሁሉ በፊት ለእኔ ያጎርሰኛል። ጉርሻው ትልቅ ነው፤ እስክውጠው ይጠብቀኛል። ከዚያ በየዓመቱ፣ እጁን ሳይታጠብ፣ ያንኑ ይለኛል።

“ያቺ ያስፈረመቻት ሴትዮ ‘ትንሽ ቆዪ’ ብትላት እኮ እንቆይ ነበር። አሥራ ሰባት ቀን ምን አላት? አልነገረቻትም።”

“አልነገረቻትም፣ አባዬ” እለዋለሁ።